ለማኅበሩ የቀረች አንዲት ደረጃ

ዶኛ ኤደልሚራን እሑድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያወጧቸው አራት ሰዎች ሐምራዊ መቀነት ነበራቸው። መቀነት ብቻ ቢሆን ምን ችግር ነበረው፤ ማኅበር ነበራቸው፣ ሰብሳቢ ነበራቸው፣ ዓመታዊ በዓል ነበራቸው፣ በበዓሉ ቀን የሚጠበስ አሳማ ነበራቸው። ያልነበራቸው አንድ ነገር ቢኖር፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጡትን ሴትዮ «ዛሬ ወዴት መሄድ ይፈልጋሉ?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ነው።

ሳን ሮኬ ተራራ ወገብ ላይ የተንጠለጠለች ከተማ ናት፤ ሜዳ የሚባል ነገር አልተፈጠረባትም። ቤተ ክርስቲያኑ ከአደባባዩ በላይ፣ የድንጋይ ደረጃ ጫፍ ላይ ነው። በሰሞነ ሕማማት የቅዱሳኑ ምስሎች በሰው ትከሻ ወርደው፣ ከተማዋን ዞረው፣ በሰው ትከሻ ይመለሳሉ። ከመሸከሚያው እንጨት ሥር መግባት ደግሞ ዝም ብሎ የሚገኝ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቦታው ውርስ ነው። የማርያምን የፊት ግራ የያዘ ሰው ሲሞት ለልጁ ይተዋል፤ ልጅ ከሌለው ለወንድሙ ልጅ። አባቱ ያልተሸከመ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ዳር ቆሞ ሻማ ይይዛል።

አርኑልፎ ቬላስኮ ሻማ ያዥ ነበር። ሥራው ግንበኝነት ነው፤ ትከሻው በር አያሳልፈውም። ግን አባቱ ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ስለነበር፣ ያ ሁሉ ትከሻ በሰሞነ ሕማማት ሥራ ፈት ሆኖ ይውላል። አራተኛ ክፍል ያስተማሩት፣ እስከ ዛሬም «ፕሮፌ»፣ ማለትም መምህር፣ እያለ የሚጠራቸው ዶኛ ኤደልሚራ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ዊልቸር ላይ የቀሩ ጊዜ አርኑልፎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እንባው ሲደርቅ ግን አንድ ሐሳብ ብልጭ አለለት። እንደሱ ሻማ ሲይዙ የኖሩ ሦስት ጓደኞቹን ጠርቶ ሁለት ረጃጅም ዘንግ አስጠረበ። የወንበሩ ማኅበር የተመሠረተው እንዲህ ነው።

የሚሸከሟቸውም ልክ እንደ ቅዱሳኑ ነበር። ዘንጉን ወንበሩ ሥር አስገብተው፣ በትከሻ አንሥተው፣ ግራ ቀኝ ወዘወዝ እያሉ በዝግታ ይወጣሉ። አንዴ ከተነሣ እስኪደርስ ድረስ መሬት አይነካም፤ ደንቡ ነው። አንድ ቀን ዶኛ ኤደልሚራ ደረጃው መሃል ላይ «ልጆች፣ ጫማዬ ወደቀ» ቢሉ ሰሚ አላገኙም። የማርያም ምስል ጫማዋ ቢወድቅ ትናገራለች እንዴ? ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥም ከፊት፣ ከመሠዊያው ሥር ያስቀምጧቸዋል። ወንዱ ሁሉ ስብከቱ ሲረዝም ሹልክ ብሎ ወጥቶ፣ ሲጋራውን አጭሶ ይመለሳል። እሳቸው ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የቄሱን ስብከት አንዲት ቃል ሳትቀርባቸው ሰምተዋል።

የዶኛ ኤደልሚራ ልብ ያለው ደግሞ ከአደባባዩ ማዶ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት፣ በታችኛው ጥግ፣ የአኒባል ካፌ አለ። ከመውደቃቸው በፊት ቅዳሴ ባለቀ ቁጥር እዚያ ሄደው ዶሚኖ ይጫወቱ ነበር፤ እሳቸው፣ ባለ ካፌው አኒባል፣ አዋላጇ ኦርቴንሲያ እና ነፍሱን ይማርና ክሊማኮ። ሲያሸንፉ ጠረጴዛውን የሚደበድቡት ድብደባ ፋርማሲው ድረስ ይሰማ እንደነበር አሁንም ይወራል። በዚህ ዓለም ላይ የቀራቸው ምኞት አንድ ነው፦ ማንም ሳይሸከማቸው፣ ማንም ሳይፈቅድላቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው እዚያ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ።

ሳይጠይቁ ቀርተው አይደለም።

«አርኑልፎ፣ ዛሬ ካፌው ጋ አውርዱኝ።»

«ፕሮፌ፣ ፀሐዩ ይጎዳዎታል።»

«ጃንጥላ ይዣለሁ።»

«ነፋሱስ?»

«ፀሐይ ነው ወይስ ነፋስ? አንዱን ምረጥ።»

«አይ ፕሮፌ! ጨዋታ አዋቂ እኮ ነዎት!» ብሎ ይስቅና፣ አራቱም እየሳቁ ወደ ቤታቸው ይወስዷቸዋል። ከዚያ ማኅበርተኞቹ ኤምፓናዳ የሚሉትን የሥጋ ሳምቡሳቸውን ሊበሉ ይሄዳሉ፤ ሸክም ያስርባል።

ቤታቸውም ከፍ ባለ ጠባብ መንገድ ላይ፣ ከደጃፉ ጀምሮ ደረጃ ነው። ብቻቸውን አንድ ርምጃ አይወጡም። ከሁሉ የሚያንገበግባቸው ግን ምስጋናው ነበር። የተሸከመህን ሰው ልትቆጣው አትችልም። እሑድ እሑድ ደጃፋቸው ላይ ሲያስቀምጧቸው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጆቼ» ማለት አለባቸው።

ታዲያ አንድ ዓመት አደባባዩን ለማደስ ከበላይ መንግሥት ገንዘብ ተፈቀደ። ገንዘቡ ጭራ ነበረው፦ ዊልቸር ያለው ሰው ራሱን ችሎ የሚወጣበት ራምፕ፣ ማለትም ደረጃ የሌለው ተዳፋት መንገድ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሠራ ይላል። ከንቲባው ኤራስሞ ቶባር የፋርማሲው ባለቤት ነው፤ እሱም የዶኛ ኤደልሚራ ተማሪ ነበር፤ ክፍልፋይ እስከ ዛሬ አልገባውም። ጭራውን አልወደደውም፣ ገንዘቡን ግን ወደደው። ስለዚህ ከፖፓያን ከተማ ማሪሉስ የምትባል የመልክዓ ምድር አርክቴክት አስመጣ።

ማሪሉስ ጭቃ የበላው ቦቲ ጫማ ያደረገች፣ ችካልና ሲባጎ ተሸክማ የምትዞር ልጅ ናት። የመጣች ዕለት አደባባዩን ከዳር እስከ ዳር በውኃ ልክ ስትለካ ዋለች። ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹ ዶኛ ኤደልሚራን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አቁመው ከእንግዶች ጋር ፎቶ ሲነሡ፣ ልጅቷ መጥታ ወንበሩ ፊት ቁጢጥ አለች።

«ወዴት ነው መሄድ የሚፈልጉት?» አለቻቸው።

ዶኛ ኤደልሚራን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ተናደዱበትም። ከዚያ በአገጫቸው ወደ ማዶ ጠቆሙ። «እዚያ። ካፌው ጋ።»

«ጥሩ። እኔ ሁለት ነገር ነው የማጠናው፤ ውኃው ወዴት እንደሚሄድና ሰው ወዴት እንደሚሄድ። ውኃ ትንሽ ተዳፋት ይበቃዋል፤ ጎማ ደግሞ ብዙ ተዳፋት አይችልም። ይኸ ደረጃ አንድ ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ለአንዷ ሜትር አሥራ ሁለት ሜትር እንጓዛለን፤ መሃል ላይ ማረፊያ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ወንበርዎ ዞሮ የሚመለስበት ሰፋ ያለ ማረፊያ። አደባባዩም ከቤተ ክርስቲያኑ እየራቀ በጣም በትንሹ ዝቅ ይላል። ዓይን አያየውም፤ ዝናብ ግን ያየዋል። ውኃው ታች ጥግ ላይ ባለው የብረት ፍርግርግ ገብቶ ወደ ወንዙ ይሄዳል።»

«እኔስ?»

«እርስዎም ከውኃው ጋር ይወርዳሉ። ፍርግርጉ ካፌው ደጃፍ አጠገብ ነው» አለችና ሳቀች። ዶኛ ኤደልሚራ በዚያ ሳምንት በሕልማቸው ዶሚኖ ሲያንኳኩ ያድሩ ነበር።

ግን ሳን ሮኬ ውስጥ ስብሰባ ሳይጠራ ድንጋይ አይነሣም። ሕዝቡ ተጠራ። ማኅበርተኞቹ ዶኛ ኤደልሚራን በዘንግ ተሸክመው አምጥተው መድረኩ ላይ፣ በባንዲራውና በውኃው ጆግ መካከል አስቀመጧቸው። ማሪሉስ ሥዕሏን ዘርግታ አስረዳች። ስትጨርስ አርኑልፎ ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ።

«እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ፕሮፌ ራሳቸው ምስክር ናቸው። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ፕሮፌ ብቻቸውን ከወጡ፣ እኛ ምን ልንሸከም ነው?»

አንዲት ሴት መሀረብ አወጣች። ቄሱ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ማሪሉስ ሥዕሏን አገላብጣ አየች፤ እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ የለም።

«እኔ አንድ ነገር ልናገር» አሉ ዶኛ ኤደልሚራ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠብቀው «እኔ የምፈልገው ወደ ካፌው ለመሄድ...» ቢሉ፣ ከፊተኛው የባሰ ጭብጨባ ወረደ። ቄሱ መጥተው ግንባራቸውን ሳሟቸው። ሦስተኛ ሊሞክሩ ሲሉ አንድ ሰው «ፕሮፌን አታድክሟቸው!» ብሎ ጮኸና ውኃ ተቀዳላቸው። ውኃውን ከመጠጣት ሌላ ምን ምርጫ ነበራቸው።

ከዚያ የሐውልቱ ነገር መጣ። ከደረጃው አጠገብ የከተማዋ መሥራች፣ የከንቲባው ቅድመ አያት፣ ጢማቸውን አንጨፍርረው ቆመዋል። አሥራ ሁለት ሜትር መንገድ ቢዘረጋ እግራቸው ሥር ያልፋል።

«ትንሽ ወደ ጎን ብናነሣቸው?» አለች ማሪሉስ።

«ለስፔን ጦር ያልተነቃነቀ ሰው ለጎማ ይነቃነቃል?» አለ ከንቲባው። ተጨበጨበለት። «ራምፑ ይጠር። አምስት ሜትር ይበቃዋል።»

«ክቡር ከንቲባ፣ በአምስት ሜትር ከሆነ በጣም ቀጥ ይላል። ማንም ብቻውን ገፍቶ አይወጣውም።»

«ማኅበሩ ምን ሊሠራ ነው? ይገፋል!» አለ። የአርኑልፎ ፊት ትንሽ ፈካ። ከንቲባው የሰውን ፊት ማንበብ ያውቅበታል፤ ክፍልፋይ ነው እንጂ ያቃተው። «ደግሞም ስሙኝ። ሕጉ ራምፕ ይኑር ነው ያለው። ደረጃ አይኑር አላለም። ራምፑ ይሠራ፣ ጫፉ ላይ ግን አንዲት ደረጃ ትቅር። አንዲት! ለማኅበሩ። ፕሮፌ እስከዚያች ደረጃ በጎማ ይመጣሉ፤ ከዚያ በክብር ይነሣሉ። መንግሥትም አይከፋ፣ ሳን ሮኬም አትከፋ!»

እንዲህ ያለ ብልህ ሐሳብ በሳን ሮኬ ታሪክ ተሰምቶ አያውቅም ተባለ። አርኑልፎ ከንቲባውን አቀፈው። ማሪሉስ «ይኼማ ራምፕ አይባልም፤ የተጋደመ ግድግዳ ነው» ብትል ማን ሰምቷት። ዶኛ ኤደልሚራም እጃቸውን አንሥተው ነበር። የተሰበሰበው ሰው ሰላምታ መስሎት እጁን አወዛወዘላቸው።

ቀጥሎ የውኃው ነገር ተበላሸ። አደባባዩ ወደ ካፌው ሲያዘነብል፣ ከካፌው ጎን ወዳለው ወደ ከንቲባው ፋርማሲም ያዘነብላል። «ውኃ ወደ ፋርማሲዬ ልትነዱብኝ ነው?» አለ ኤራስሞ።

«ፍርግርጉ ከደጃፍዎ በፊት ይቀበለዋል» አለች ማሪሉስ።

«ባይቀበለውስ? ወደ ላይኛው አዘንብሉት። ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ነው፤ እሱን ውኃ አይነካውም።»

«ፍርግርጉስ? ታች ተቀብሯል እኮ።»

«ፍርግርጉ ያምራል፤ የከተማዋ ዓርማ አለበት፤ ባለበት ይቀመጥ።»

ማሪሉስ በማግሥቱ ሻንጣዋን ሸከፈች። ከመሄዷ በፊት ዶኛ ኤደልሚራን ቤታቸው ድረስ መጥታ ተሰናበተቻቸው። «ይቅር ይበሉኝ። ያተረፍኩልዎት አንድ ነገር ነው፤ ጫፉ ላይ ያለውን ሰፊ ማረፊያ። ከንቲባው የንግግር መድረክ መስሎት ስለወደደው አላስነካውም።»

«አይዞሽ፣ ልጄ» አሏት፤ እሷ ስትወጣ ግን ነገሩን አሰሉት። ደረጃዋ በቤተ ክርስቲያኑ በርና በራምፑ መካከል ነው የቀረችው። አሥር ራምፕ ቢሠራም ከቤተ ክርስቲያን መውጣት አይችሉም ማለት ነው። በአንዲት ድንጋይ ከጠረጴዛቸው ቀሩ።

ድንጋዩ ሲነጠፍ አርኑልፎ አንድ ቀን ከማኅበርተኞቹ ጋር ተሸክሟቸው መጥቶ ደረጃዋን አሳያቸው። በገዛ እጁ የጠረባት፣ የወለወላት፣ ዙሪያዋን በአበባ የቀረጻት ደረጃ ናት። ግንባሯ ላይ «የወንበሩ ማኅበር» ተብሎ ተጽፎባታል። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ እንዲህ ፊቱ ሲያበራ አይተውት አያውቁም።

«እንዴት ናት፣ ፕሮፌ?»

መዶሻ በእጃቸው ቢኖር እዚያው ያደቅቋት ነበር። ግን ያን ፊት ሲያዩት ምላሳቸውን ነከሱ። «ታምራለች» አሉት። ቤታቸው ሲገቡ ራሳቸውን «ፈሪ!» ብለው ሰደቡ።

ምርቃቱ በጥቅምት ሆነ፤ ዝናቡ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በሚመጣበት ወር። ከንቲባው ምርቃቱን ከሰዓት በኋላ አደረገው፤ ከአውራጃ የሚመጡ እንግዶች ጠዋት ቡና ቤት ስለሚያረፍዱ። አደባባዩ እንደ መስተዋት ለስልሷል። ማኅበርተኞቹ አዲስ ነጭ ጫማ ገዝተው መቀነታቸውን አጥብቀዋል። ሦስቱ ከኋላ እየገፉ፣ አርኑልፎ ከፊት በገመድ እየጎተተ፣ ላብ በላብ ሆነው ዶኛ ኤደልሚራን ራምፑ ላይ አወጧቸው። ማረፊያው ላይ ሲደርሱ ፍሬኑን ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ደረጃዋ አድርገው አቆሟቸው።

ደንቡ እንዲህ ነበር፦ ከንቲባው ይናገራል፤ ሲጨርስ የከተማዋ የሙዚቃ ባንድ የሰልፍ ዜማ ይመታል፤ ሙዚቃው ሲጀምር ማኅበሩ ያነሣል። ከንቲባው ከዶኛ ኤደልሚራ አጠገብ ማረፊያው ላይ ቆሞ እጁን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገ።

«ውድ የሳን ሮኬ ሕዝብ! ዛሬ ለእኚህ እናታችን በሩን ከፍተንላቸዋል!»

በሩ ከፊታቸው፣ ከደረጃዋ ወዲያ ነበር። ዶኛ ኤደልሚራ የድንጋዩን አበባ ሲያዩ ቆዩ። ንግግሩ ወደ ቅድመ አያቱ ጀግንነት ሲደርስ የመጀመሪያዋ ጠብታ ግንባራቸው ላይ አረፈች። ስለ ፍርግርጉ ዓርማ ማውራት ሲጀምር ሰማዩ ተቀደደ።

ያ ሁሉ ክቡር እንግዳ ቀሚሱን ሰብስቦ፣ ባርኔጣውን ይዞ፣ እየተገፋፋ በደረጃው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጠ። ከንቲባው ንግግሩን አጣጥፎ ደረጃዋን በአንድ ዝላይ አለፋት። ባንዱም ትልቁን ጥሩንባውን ተሸክሞ ገባ። ማኅበርተኞቹ ብቻ ዘንጋቸውን ይዘው ዝናቡ ውስጥ ቀሩ።

«አርኑልፎ፣ እናንሣ!» አለ አንደኛው።

«ሙዚቃው የታለ? ያለ ሙዚቃ አይነሣም!»

«ልጆች፣» አሉ ዶኛ ኤደልሚራ ዝናቡ ባንገታቸው እየገባ፣ «ወይ አንሡኝ ወይ ተዉኝ።»

«አንዴ ይታገሡን ፕሮፌ፣ ባንዱን ልጥራ!» ብሎ አርኑልፎ ወደ ውስጥ ገባ። ሦስቱ ጫማቸውን እያዩ ጥቂት ቆሙና፣ እነሱም ከበሩ ጥላ ሥር ተጠጉ።

ዶኛ ኤደልሚራ ብቻቸውን ቀሩ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከቤታቸው ውጪ ብቻቸውን ሲሆኑ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው። ደረጃዋ ያለችው በእሳቸውና በቤተ ክርስቲያኑ መካከል ነው። በእሳቸውና በካፌው መካከል ምንም የለም።

ፍሬኑን ለቀቁ። ማሪሉስ ባተረፈችላቸው ማረፊያ ላይ ወንበሩን ቀስ አድርገው አዞሩት፤ በደንብ ዞረ። ከዚያ ቁልቁል አዩ። ራምፑ በእውነት የተጋደመ ግድግዳ ነበር። ከሥሩ ደግሞ አደባባዩ በሙሉ ውኃውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እየነዳ ኩሬ ሠርቷል፤ የመሥራቹ ሐውልት ሐይቅ ዳር የቆመ ዓሣ አጥማጅ መስሏል። ማዶ ላይ ባለ ዓርማው ፍርግርግ ጠብ የሚልበት ውኃ አጥቶ ደርቆ ተቀምጧል። ፈሩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እንደዚያ ፈርተው አያውቁም። ወደቅሁ አልወደቅሁ፣ አሉ በልባቸው፣ በራሴ ነው። ጎማውን ለቀቁት።

እየተንደረደሩ ሲወርዱ ከአፋቸው የወጣውን ቃል መምህር ይናገረዋል ብሎ የገመተ አልነበረም። ወንበሩ ኩሬው ውስጥ ጧ ብሎ ገባ፤ ውኃው ከግራ ከቀኝ እስከ መሥራቹ ጢም ተረጨ። ከመሃል ላይ ቆመ። አልተገለበጡም። ውኃው እግር ማሳረፊያውን ሸፍኖታል፤ ጎማው ግን ይዞራል። መግፋት ጀመሩ።

«ፕሮፌ!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። አርኑልፎ ከባንዱ ጋር በሩ ላይ ብቅ ብሏል። «ፕሮፌ፣ ባሉበት ይቁሙ! መጣን!»

ግን ኩሬው ነበረ፤ ነጭ ጫማም ነበረ። ማኅበርተኞቹ ከደረጃው ሥር ደርሰው እርስ በርስ ተያዩ። ሕዝቡ ሁሉ በሩ ላይ ተጨናንቆ ያያል። ከንቲባው «አንድ ሰው ያንሣቸው እንጂ!» ይላል፣ እሱ ራሱ ሳይነቃነቅ።

ዶኛ ኤደልሚራ ዞረው አላዩም። ኩሬውን ጨርሰው ደረቅ ድንጋይ ላይ ወጡ። አደባባዩ ከዚህ ወዲያ ሽቅብ ነበር፤ ዓይን የማያየው ሽቅብ፣ ለፋርማሲው ሲባል የተዘነበለ። ክንዳቸው ግን አየው። እየገፉ፣ እያረፉ፣ ኤራስሞ ቶባርን ከነዘር ማንዘሩ እየረገሙ ሄዱ። መዳፋቸው ተላጠ። አንድ ጊዜ ወንበሩ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ሲል ፍሬን ይዘው፣ ተንፍሰው፣ እንደገና ገፉ። ማልቀሳቸውን ያወቁት እንባው ከዝናቡ ይልቅ ትኩስ ስለነበር ነው።

ካፌው ደጃፍ ደረሱ። ደጃፉ ደረጃ ነበረው።

ያን ሁሉ ዘመን በእግራቸው ሲገቡና ሲወጡ አንድ ቀን አላስተዋሉትም። ትንሽ ናት፣ አንዲት ብቻ፤ ግን ደረጃ ናት። ባለ ካፌው አኒባል ሽርጡን እንደታጠቀ በሩጫ ወጣ።

«የማርያም ያለህ! ዶኛ ኤደልሚራ! ቆይ፣ ቆይ፣ አሁን ብድግ አድርገን...» ብሎ ጎንበስ አለ።

«አኒባል፣ እጅህን ሰብስብ።»

«ታዲያ እንዴት ይገባሉ?»

«አልገባም። ጠረጴዛውን አውጣው።»

አኒባል ዝናቡን አየ፣ ከደጃፉ በላይ ያለውን ሰፊ ክፈፍ አየ፣ የእሳቸውን ፊት አየ። ሳይከራከር ገባ። አዋላጇ ኦርቴንሲያ በአንድ በኩል ይዛለት ጠረጴዛውን ከክፈፉ ሥር አወጡት። ኦርቴንሲያ ሩዋናዋን፣ ያን ወፍራም የሱፍ ካባዋን፣ ከላይዋ አውልቃ ትከሻቸው ላይ ጣለችላቸውና ተቀመጠች።

«አረፈድሽ» አለቻቸው።

«መንገድ ተዘግቶብኝ ነው።»

ዶሚኖው ሲዘረገፍ አርኑልፎ ደረሰ። ነጩን ጫማ በእጁ አንጠልጥሏል፣ ሱሪውን ጠቅልሏል፣ መቀነቱ ውኃ ያንጠባጥባል። ከጠረጴዛው አጠገብ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ቆመ።

«ፕሮፌ... ማን አመጣዎት?»

«እኔ።»

«ቢወድቁስ?»

«እወድቅ ነበራ።»

«እኛ እኮ አለንልዎት» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ስድስት ዓመት...»

«አውቃለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳልነግርህ የቆየሁትን አንድ ነገር ልንገርህ? ከትከሻህ ላይ ሆኜ ፊትህን አይቼው አላውቅም። ማጅራትህን ነው የማየው።» ዶኛ ኤደልሚራ አራተኛውን ወንበር በአገጫቸው አሳዩት። «ይኼ የክሊማኮ ቦታ ነበር። ልጅ አልተወም፤ የወንድም ልጅም የለው። ወራሽ የሌለው ቦታ ነው። ዶሚኖ ትችላለህ?»

«ትንሽ... ትንሽ እሞክራለሁ።»

«ተቀመጥ።»

አርኑልፎ ወንበሩን ሲያየው ቆየ። በዕድሜው ማንም ቦታ ሰጥቶት አያውቅም። ጫማውን መሬት ላይ አስቀምጦ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ዓይኑ ከመምህሩ ዓይን ጋር ትክክል ሆነ። የዶሚኖውን ድንጋዮች ተከፋፈሉ። ተራው እስኪደርስ ቀና ሲል፣ ከኩሬው ማዶ የቤተ ክርስቲያኑ በር፣ እዚያ የተኮለኮለው ሕዝብ፣ ራምፑና ጫፉ ላይ ያለችው ድንጋይ አብረው ታዩት። ከጠረባት ወዲህ በሩቁ ሲያያት ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ከዚህ ስትታይ ትልቅ ናት» አለ።

አኒባል ድንጋይ አስቀመጠ፣ ኦርቴንሲያ ቀጠለች። አርኑልፎ በእጁ ያሉትን እያገላበጠ፣ ቀና ሳይል፣ እንደ ቀላል ነገር ጠየቀ።

«ፕሮፌ፣ ከዚህ በኋላስ ወዴት መሄድ ይፈልጋሉ?»

ያ ሁሉ ዓመት የዶኛ ኤደልሚራ መንገድ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚያልቀው። ከዚህ ወዲያ አስበውበት አያውቁም።

«ቆይ፣ ላስብበት» አሉና ድርብ ስድስቱን ጠረጴዛው ላይ አጮሁት።